የመኖሪያ ፈቃድ

ታቪራ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ስከፍት የውልና ማስረጃን በር፣
ዌልሳዊው አናጺ ኤምሪስ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር።
የጥር ዝናብ ዘንቦበት ውሃ ያንጠባጥባል ኮቱ፤
ፋይሉ ግን ደረቅ ነው፣ በፌስታል ታስሮ በብብቱ።

«ኢዳሊና፣» አለኝ፣ «መጣች ያቺ የዓመቷ ደብዳቤ፤
‹አለህ ወይ?› ትለኛለች፤ ‹አለሁ› ማለት አይበቃም ቀርቤ፤
ማኅተም ይመታ፣ ቀን ይጻፍ፣ ምስክር ይፈርም ከጎኑ፤
ካልሆነ እኔ ቆሜ እየሄድኩ፣ ጡረታዬን ይቀብሩታል፣ ይመኑ።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ጠረጴዛ ሰው አይቻለሁ፤
የባዕድ አገርን ኑሮ በፎቶኮፒ ቆጥሬዋለሁ፤
የግብር ቁጥር ከሌለህ ስልክ የለህም፣ መብራት የለህም፤
መቶ ሰማንያ ሦስት ቀን ካደርክ ግብሩ ያንተ ነው፣ አታመልጠውም፤
ኑዛዜህ ሁለት ይሁን፣ እዚህ ላለው አንድ፣ እዚያ ላለው አንድ፤
አዲሱን ስትጽፍ ተጠንቀቅ፣ በአንዲት ቃል አሮጌው እንዳይነድ።
ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ግን መስኮት ያያል፤
ጸሐፊዋ ግዌን ነበረች፤ እሷ ካለች እሱ ምን ይላል?

ግዌን ኅዳር ላይ አረፈች።
በሁለታቸው ስም የነበረው ሒሳብ በማግስቱ ታሸገ፤
ለሳጥኗ መክፈያ እንኳ ከዓሣ ነጋዴው ከዜፌሪኖ ዩሮ ፈለገ።
የሃምሳ ዓመት ትዳር ወረቀት ከዌልስ መጣ፣ ተተረጎመ፤
ባንኩ ግን «ስድስት ወር አልፎታል፣ አዲስ ይምጣ» ብሎ አጉረመረመ።

ፌስታሉን ፈታ። ቅጹን አወጣ። ፓስፖርቱን አስከተለ።
ፊቱን ከፎቶው አስተያየሁ፤ ማኅተሜን መታሁ፦ አለ።

ሊነሳ ነው ብዬ ስጠብቅ ሌላ ወረቀት ዘረጋ፤
ጥጉ የታጠፈ፣ የለዘበ፣ ብዙ ሌሊት አብሮት የነጋ።
የግዌን ነው። ለሷም ልከዋል።
«ወይዘሮ ግዌንሊያን፣ በሕይወት መኖርዎን ያረጋግጡ» ይላል።

«መሞቷን ጽፈን አልነበር?» አልኩት።
«የጻፍንለት ክፍል ሌላ ነው፤ ይኼኛው ገና አልሰማም።
ገንዘቧን አልፈልግም፤ ሳንቲም ከነካሁ እጄ ይቆረጥ።
ግን ከኔ ሌላ በዚህ ዓለም ‹አለሽ ወይ?› ብሎ የጠየቃት
ይህ ወረቀት ብቻ ነው።
‹የለችም› ብዬ በእጄ መጻፍ አቃተኝ።
እርስዎ ይጻፉት፤ እርስዎ ሕግ ነዎት።»

ቅጹን አገላበጥኩ።
ለፊርማ ቦታ አለው፤ ለቀን አለው፤
መጻፍ ለማይችል፣ ለአውራ ጣት አለው፤
ለሞተ ሰው ቦታ የለውም።

ከስሩ የመኖሪያ ፈቃዷ ቅጂ ወጣ፤ ያረጋገጥኩት እኔው ነኝ፤
እስከ መጪው ዓመት ነሐሴ ይፀናል፤ ፎቶዋ ትክ ብሎ አየኝ።
ፈቃዱ አልቆበት፣ ፖሊስ እየሸሸ፣ የሚኖር ስንት አለ!
የሷ ግን ገና አሥራ ዘጠኝ ወር ይቀረው ነበር፤
ኑሮው ቀድሞ ከፈቃዱ ኮበለለ።

በወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ ጠባብ ስለሆነ በደቃቁ፣
«ኅዳር ዘጠኝ ቀን አርፋለች» ብዬ ጻፍኩ።
እሱ ጣራ ጣራውን ያያል።
ማኅተሙን ቀስ አድርጌ፣ ድምፅ እንዳይሰማ፣ አሳረፍኩ።

«ሒሳቡ ስንት ነው?» አለ።
ለመኖር አሥራ አንድ ዩሮ ነው፤ ተመኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።
ለሌላው ፈለግኩ፤ አልተጻፈም።
«የአንዱን ይክፈሉ፤ ደረሰኙ ላይ የሚገባ የግብር ቁጥርዎ?»

ዘጠኙን አኃዝ ሳያቋርጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠራልኝ፤
ኮምፒውተሩ ላይ የወጣው ስም
የሷ ነበር።