ናሙና ቁጥር አሥራ አራት

አምስት ኪሎ፣ ምድር ቤት፣ መስኮቱ እግር ብቻ የሚያሳይ፤
ቀኑን ሙሉ ጫማ አያለሁ፣ የማንንም ፊት ሳላይ።
ውጭ ነሐሴ ነው፤ ጎርፉ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይነጉዳል፣
የዓምናውን ጥገና ጠጠር በጠጠር ይዞት ይወርዳል።

ምድጃው መቶ ስድሳ ገብቷል፤ ጠጠሩ ግሏል፤
ሬንጁ ከጣሳው አፍ እንደ ጥቁር ማር ተንጠልጥሏል።
ቃጫውን መርካቶ ገዛሁት፣ ገመድ ከሚሸጠው ከነስሩ፤
«መንገድም ይታሰር ጀመር?» ብሎ ሳቀብኝ ከነከድሩ።
ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር ቆራረጥነው በመቀስ፣
እኔና ኢንጂነር ትርሲት፣ ጣታችን እስኪላጥ ድረስ።

የመጀመሪያው ተበላሸ፤ ቃጫው እንደ ወፍ ጎጆ ተቋጠረ፤
ትርሲት ባልዲ ውስጥ ጣለችው። እንደ አዲስ ተጀመረ።

ከዚያ መዶሻው፦ ከላይ ሰባ አምስት፣ ገልብጦ ሰባ አምስት፤
በመስኮቱ ክራንች አለፈ፣ የሊስትሮ ሳጥን፣ ባለ ታኮ ሦስት።
ስንት ደረስኩ? ስልሳ አንድ? ስልሳ ስድስት?

አባቴ አንበሳ አውቶቡስ ነድቷል ሃያ ስምንት ዓመት፤
የፒያሳን ጉድጓድ የሚያውቀው በዓይኑ አይደለም፣ በወገቡ አጥንት።
«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ይስቅና፣
«የኔን አንበሳ ያሰረው ጉድጓድ ነው» ይላል፣
ጉልበቱን እያሸ፣ እንደገና።

ስልሳ ዲግሪ ውኃ። ግማሽ ሰዓት። ከዚያ መጭመቂያው።
ትርሲት ትንፋሿን ዋጠች፤ ተንቀጠቀጠ መርፌው።
ቃጫ የሌለው ዘጠነኛው ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ፤
አሥራ አራተኛው ተሰነጠቀ፤
መለያየቱን ግን እምቢ አለ።
ጎንበስ ብዬ አየሁ፦ ሬንጅ የለበሱ ጭረቶች ስንጥቁን ተሻግረው፣
አንዱ ተበጥሶ፣ አንዱ ሳስቶ፣ የቀሩት ተወጥረው።

«አንድ ምስክር አይበቃም፤ ነገ ሌላ ሦስት» አለች፣
ቁጥሩን በእርሳስ ጻፈች፣ መብራቱን አጠፋች፣ ወጣች።

የተሰነጠቀውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ለአባቴ ወሰድኩለት፤
በሁለት አውራ ጣቱ ሊገምሰው ታገለ፣ ታገለ፣ አቃተው፣ ገረመው፣ ሳቀለት።
«ይሄማ የኔ ቢጤ ነው» አለ፣ ወገቡን በእጁ ደግፎ፤
ጥቂት ዝም አለ፤ መንገዱን በመስኮት አየው፣ የመጨረሻው አውቶቡስ አልፎ።
«ድሩስ አብሯል» አለኝ። «አንበሳውን ግን አይሰረው፤
ተሸክሞ ያሻግረው።»