ባቡሩስ?

ደቻቱን ስሻገር፣ አሸዋው ሳይግል ገና፣
ካርዴ ብብቴ ሥር በፌስታል ተሸፍና፣
በየአራት ሳምንቱ፣ ማክሰኞ ማለዳ፣
ኒሙ ሥር እደርሳለሁ፣ ፀሐይ ሳትጎዳ።

ከቲቢው ክፍል ጀርባ ነው የእኛ በር ያለችው፤
ለዚህ ሁሉ ጭንቅላት አንዲት ነርስ ናት የደረሰችው።
ሰፈር "ናስር እብዱ" ይለኛል፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ፤
ሲስተር አስካለ ግን "አቶ ናስር" ብላ ትጠራኛለች ከበሩ።

"እንቅልፍስ? ምግብስ? እጅዎ ይንቀጠቀጣል?
አፍዎስ ይደርቃል?"
(የድሬ ሰው አፉ መቼ ረጥቦ ያውቃል!)
ከዚያ ብዕሯን ታስቀምጣለች፣ ድምጿ ዝቅ ይላል፤
"ባቡሩስ?" ትለኛለች። "ዛሬም ይጮኻል?"

አባቴ የነዳው ባቡር ነው፣ ሐዲዱ ከዛገ ስንት ዘመኑ፤
እኔ ዘንድ ግን አልቆመም፣ ሌሊቱ ነው ቀኑ።
በስሜ ያፏጫል፤ "ውጣ" ይለኛል፣ "ተሳፈር"።
ሁለት ጊዜ ሐዲድ ላይ ተኝቼ አገኙኝ፣
ሁለት ጊዜ በገመድ አስረው አመጡኝ።

መርፌው ከተጀመረ ወዲህ ራቀልኝ፤ መጀመሪያ ሽንሌ ደረሰ፣
ቀጥሎ ደወሌ፣ እየሳሳ፣ እያነሰ፣
ጅቡቲ ገብቶ ቀረ።

በሐምሌ መርፌው ጠፋ።
"አልቋል" አሉ በፍርግርጉ፣ "በሚቀጥለው ወር ይሞከር"፤
ከውጭ ሲጠየቅ ዋጋው የእህቴ የቤት ኪራይ ነበር።
ሲስተር ሐረር ደወለች፣ ጅግጅጋ ደወለች፣
ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ጥቂት እንክብል አገኘች፤
ቆጥራ በወረቀት ጠቀለለችልኝ፦
"ይሄ እስኪያልቅ ባቡሩን ከደወሌ ወዲህ አያሳልፉት" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ኒሙ ሥር፣ ወረፋ ይዘን ሳለ፣
ጮኸ።
ረጅም፣ ወፍራም፣ ከለገሃር በኩል፣
አባቴ ገመዱን ስቦ ያስጮኸው እንደነበረው።
ጉልበቴ ከዳኝ። የሰው ፊት ማየት ፈራሁ።
"መጣ" አልኩ በሆዴ። "አላገድኩትም።"

"ባቡሩስ?"
"አይ" ብል ውሸት ነው፤ "አዎ" ብል ገመድ አለ፤
ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ዋለ።

እሷ መስኮቱን እያየች፣ "እኔም ሰማሁት እኮ" አለች፤
"ወርክሾፑ ውስጥ አሮጌውን ሲሞክሩት ነው" ብላ ካርዴን ገለጠች።

ሳቅን። እስክናለቅስ ሳቅን።
መርፌው ግን ያን ዕለትም አልመጣም።

አሁን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አጠገቤ ያለውን እጠይቃለሁ፤
ሎተሪ አዟሪውን፣ የባጃጁን ልጅ፣ "አንተም?" እለዋለሁ።
አንዳንዱ ይሸሻል።
አንዳንዱ ቆሞ ያዳምጣል።