አድራሻ

በሃምቡርግ አልቶና፣ የጥር ወር፣ ሳይነጋ፣
የፖስታ ጋሪዬን እየገፋሁ ስጠጋ፣
ካርቶን አንጥፎ ተኝቷል፤ ድንጋይ ደረጃው አልጋ፤
ጺሙን አመዳይ ይዞታል።

የሉተራኖች ነው ቤቱ፤ ደጅ ግን ደጅ ነው፣ አልኩ፤
ሳልሳለም ማለፍን ከእናቴ አልተማርኩ።
የተኛን ሰው መራመድ ነውር እንደሆነ ባውቅም
(እሱንም ያስተማረችኝ እሷ ናት) አልቆምኩም፤
ተራመድኩት፤
በሩን ሳምኩት።
ሦስት ዓመት እንዲህ ነበር።

ከዚያ ፖስታ መጣ፣ ከሐኪም ቤት፣
«ለዝቢግኒው ቮዝኒያክ»፤ ቁጥር የለበት።
ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ማኅተሜን አነሣሁ፣
«አልታወቀም» ብዬ ለላኪው መለስሁ።
ሁለተኛም መጣ፤ እሱንም መለስሁ።
እግሬ ሥር የሚያድረው ስም ይኖረዋል ብዬ
መች አሰብኩ፣ ደጅ ስስም፣ ሳማትብ ውዬ።

ሰኞ ዕለት፣ ቁጥር ዐሥራ አራት፣ መበለቷ ዘንድ
(ስብከት ሲረዝም የሚያንቀላፉት፣ ወይዘሮ ኢርምጋርድ)፣
ሳጥናቸው ላይ፣ ከስማቸው ሥር፣ በተጣመመ ፊደል
«ቮዝኒያክ» የሚል ወረቀት በቁስል ፕላስተር ተለጥፏል።
«ዘመድዎ ነው?» ስላቸው፣
ቁልፍ እየፈለጉ በኪሳቸው፣
«ሾርባውንስ ሁሉም ይሰጣል» አሉ፤
«ደብዳቤ የት ይጻፍለት?»

ሳንባው ላይ ጥላ አለ፤ ቀጠሮው ለመጋቢት።
ዛሬም እዚያው ያድራል፤ ክፍል አልተገኘም።
እኔም ደጅ መሳለሜን እርግፍ አላደረግሁም።
ብቻ መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ፣
«ዝቢግኒው፣ ደብዳቤ አለህ፣ ቁጥር ዐሥራ አራት» እላለሁ።
እግሩን ሰብሰብ ያደርጋል፣ እንዳልፍ፤
እኔ ግን በጎን እዞራለሁ።