ውሃ ልክ

ከፈረንጅ አራዳ እስከ አዌቱ ድልድይ፣
የመንገዱን ጠርዝ፣ ድንጋይ በድንጋይ
የደረደርኩ እኔ ነኝ፤ ሲባጎ ወጥሬ፣
በቱምቢ አቅንቼ፣ በስንዝር ቆጥሬ።
ለዝናብም አሰብኩ፤ ጅማ ነዋ አገሩ!
ጎርፍ እንዳይተኛ በየሱቁ በሩ፣
ውሃ ልኬን ጥዬ፣ አረፋዋን አይቼ፣
ሁለት ጣት ቁልቁለት ለውሃ ሰጥቼ።

ሐሙስ ከሕርማታ ዘምዘም ተመለሰች፣
ባለ ሦስት ጎማ በእጇ እየዘወረች፤
ከኋላ ከረጢት፣ ሽንኩርትና በርበሬ።
የፊት ጎማው ቆመ፣ እንደ ሰነፍ በሬ።
አንድ ባጃጅ ጮኸባት፤ ሌላውም ደገመ፤
እንከን የሌለበት ሥራዬ ፊቷ ቆመ።
"እናንሳሽ?" ብሎ መጣ አራት ጎረምሳ።
"ዕቃ ነኝ እንዴ?" አለች፣ ቁጣዋ ሳይነሳ።
ጎንበስ ብላ ለካች መዳፏን ዘርግታ፤
አንድ ስንዝር ሆነ። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ፦
"ስንዝር ቢሰጡት ሰው ክንድ ይለምናል፤
እኔን ስንዝር ንሱኝ፣ ጅማ ይበቃኛል።"

ያን ሌሊት ዘነበ። ጋቢዬን ጠቅልዬ
ውሃው ሲወርድ ሰማሁ፣ በሰጠሁት መንገድ።
ወይ ጉዴ!
ጎርፉን እለፍ ብዬ፣ ዘምዘምን ከልክዬ!

ሲነጋ፣ መሮና መዶሻ አንስቼ
ሦስቱን ድንጋይ ነቀልኩ፣ ኩራቴን ፈትቼ።
ኮንትራክተሩ ጮኸ፤ "ከደሞዝህ!" አለ።
ይቁረጥ። ጠርዙ ግን ዘንበል ብሎ ዋለ።

በሳምንቱ ሐሙስ፣ እዚያው ላይ ቆሜ፣
ደረቴን ነፍቼ፣
ምስጋና ስጠብቅ፣
ደወሏ አቃጨለ። ሽው ብላ ወጣች፤
"ዞር በልልኝ እንጂ፣ መንገድ ነው!" አለች።