የመርከብ ዕቁብ

ለገሃር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ማዶ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሞባይል ጠጋኞቹ ጎን፣
አንዲት ክፍል አለችን፤ በሯ መጋረጃ ነው።
ጠረጴዛው ላይ የተላጠ ሽቦ፣ የቀዘቀዘ ሻይ፣
አንጀቱ የወጣ ሬዲዮ፣ ሆዱን ለሰማይ።

አንቴናውን ደምመላሽ ነው የሚቆርጠው።
አርባ ስድስት ሳንቲ ሜትር፤ እጁ አይስትም።
በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ሬዲዮ ሠራተኛ ነበረ፤
ባሕሩ ሲሄድ ጆሮው እሱ ጋ ቀረ።

ሰው ይስቅብናል። «ባሕር የት አለና?
መርከብ እንደ ታክሲ ሜክሲኮ ላይ ልትሰለፉለት ነው?»
እውነታቸውን ነው። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ሂያጅ ነው፣
ዳገት አይወጣም፣ ተራራ አይዞርም፤
እኛ ደግሞ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ላይ ተሰቅለናል፣
ባሕርን ከቱና ቆርቆሮ በቀር ያልቀመስን።

ስለዚህ ሠርተን ለስንቅነህ ሰጠነው፣ ለባለ ተሳቢው።
በጋቢው ጠቅልሎ፣ እንደ እንቁላል ይዞ
በጋላፊ በኩል አሻገረው።
ጅቡቲ ላይ ሁመድ ተቀበለው።
ሁመድ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ለሰው ሁሉ በረዶ፣ ለራሱ ላብ።
ጣሪያው ላይ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ተከለው።
የዚያን ሌሊት፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ፣
ስክሪናችን ላይ አንዲት ነጥብ በራች።
ስም ነበራት። ፍጥነት ነበራት። አቅጣጫ ነበራት።
ደምመላሽ መነጽሩን አውልቆ
«መጣሽ?» አላት፣ አምሽታ እንደገባች ልጅ።

ነገሩ ዕቁብ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።
እያንዳንዱ ጣሪያው የሰማውን ይጥላል፣
የሁሉም ጣሪያ ወሬ ለእያንዳንዱ ይደርሰዋል።
ሞምባሳ አንድ የጥርስ ሐኪም አለ፣
ካራቺ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ፣
ኖርዌይ ጫፍ ላይ፣ ስሙን መጥራት ያቃተን፣
አንቴናውን ከበረዶ የሚጠርግ ሰው።
ዳኛ የለው፣ ጸሐፊ የለው። ያልጣለ ግን አያይም።
እኛ የሁመድን ጣሪያ እንጥላለን።

እትዬ ጥሩአየር ከደረጃችን ሥር ካልሲ ትሸጣለች።
ልጇ ይትባረክ መርከበኛ ነው፣ ሞተር ክፍል፣
«ኦስትራ ቤል» የምትባል ጭነት ተሸካሚ ላይ።
ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን ይዛ ትወጣለች፣
«ልጄ የት አደረ?»
እንደ ጎረቤት ወሬ እንነግራታለን፦
ሱዌዝን አልፏል፤ ቆሟል፤ ተራ ይጠብቃል።

ሰኔ ላይ ነጥቧ ጠፋች።
መርከቦች አንዳንዴ፣ ሲፈሩ፣ ድምፃቸውን ያጠፋሉ፣
ስማቸውን ውጠው በጨለማ ያልፋሉ።
ይህን ለእናት እንዴት ብለህ ትነግራለህ?
«ኔትወርክ የለም» አልናት።
አራት ቀን ሙሉ ኔትወርክ የለም አልናት።
በአምስተኛው አልጠየቀችም። መጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ
ካልሲ ታጥፋለች፣ ያጠፈችውን ፈትታ እንደገና ታጥፋለች።

የዚያን ዕለት ማታ መብራት ሄዶ፣ በባትሪ ተቀምጠን፣
የማንም ጣሪያ ያልሰማውን የሁመድ ጣሪያ ሰማው፤
አንዴ ብቻ፣ ተቆራርጦ። ኦስትራ ቤል።
ከደስታዬ ብዛት በደረጃው ቁልቁል እየጮኽኩ አነበብኩት፦
«ፍጥነት፣ አሥራ አንድ! የመስመጥ ልክ፣ ስምንት ሜትር ከ . . .»
እትዬ ጥሩአየር እሪ አለች።

ደምመላሽ በጥፊ ሊለኝ ምንም አልቀረው።
ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ በመዳፉ አሳያት፦
«ባዶ ስትሆን ብቅ ትላለች፤ ስትጫን ዝቅ፣
ሣር እንደጠገበች ላም። ስምንት ሜትር ማለት ሙሉ ናት ማለት ነው።»
አፍንጫዋን ጠረገች። አሰበች።
«እንግዲያ ልጄ በልቷል ማለት ነዋ።»
«በልቷል» አላት።
የባሕር ኃይል ሰው ሲዋሽ
ወገቡን እንዴት ቀጥ እንደሚያደርግ ያን ማታ አየሁ።

በነጋታው «ዕቁብ ከሆነ እኔም ልጣል» ብላ
ስድስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ አመጣች፣ ለሁመድ።
ጅቡቲ አርባ ሁለት ዲግሪ መሆኑን ማን ይንገራት?
ስንቅነህ ወሰደው።

ሁመድ ፎቶ ላከ፦
ጨው የሚበላው የአንቴናው አንገት ላይ
ግራጫ ካልሲ ለብሶ፣ በሽቦ ታስሮ።
ከሥሩ «ከእንግዲህ አይበርደውም» ይላል።
ያን ማታ ሠላሳ አንድ መርከብ ቆጠርን።