ውሃ ልክ

ደሴ ላይ ምን አለ፣ ለጥ ያለ መሬት?
ቤቱ ተዳፋት ላይ፣ መንገዱ ቁልቁለት፤
ከሸዋ በር ወዲህ፣ በቆርቆሮ ቤቴ፣
ፑሌም ሰፈሩን ነው የሚመስል፣ ያው እንደ ጎረቤቴ፤
ወደ ቦርከና ጥግ ጋደል ይል ነበረ፣
የአንድ ጣት ስፋት ነው። ማን ልብ አለ? ማን ቆጠረ?

እኔ። እኔ ቆጠርሁ።
ሃያ ዓመት ግንበኛ፣ ድንጋይ ያቃናሁት፣
የስንቱን ሹፌር ኪስ፣ የስንቱን እንግዳ፣
በዚያች አንድ ጣት ነው ባዶ ያስቀረሁት፤
ኳሷ ስትኮበልል «አይ ዕድሌ!» ሲሉኝ፣
አብሬ ከንፈሬን የመጠጥሁት።

ሷሊህ የመጣ ለት፣ ጉም ከጦሳ ወርዶ በሬ ላይ ተኝቷል፤
እናቱ ዘሐራ እጁን ይዛ ገባች፣
«ኳስ ይልቀምልህ» አለች፣ «ከመንገድ ይሻላል።»
ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ስቴካው ይበልጠዋል።
ሰኞ ገበያ ላይ ልብስ ሰፊ ናትና፣
የተተረተረ አረንጓዴ ጨርቄን በነጭ ክር ጠቀመች፣
«የልጄ መግቢያ ነው» ብላ እየሣቀች ሄደች።

ያ ስፌት ዛሬም አለ።
ኳስ ስታልፍበት ትንሽ፣ እንደ ደነገጠ ልብ፣ ትዘላለች።
ልጁ ያን መዝለል፣ ያን መጋደል፣
ሳልነግረው ለመደ፤ እጁ ቀድሞ ያውቃል፤
ከቀዳዳው በላይ አንድ ጣት ያልማል፣
ኳሷ ዞራ ዞራ ሾልካ ትገባለች፣
ከሚሌ የመጣ ባለ ተሳቢ ሹፌር
ሁለተኛ ላይጫወት ይምላል። በነጋታው ይመለሳል።

ዐሥራ ስምንት ሲሞላው ኮምቦልቻ ያለ ክለብ ጠራው፤
ስኑከር ነው አሉ፣ ጠረጴዛው የእኔን ሦስት የሚያክል።
ፈረመ። በወር ሦስት ሺህ ብር፣ ምሳ፣ የትራንስፖርት።
ዘሐራ ከመጋረጃ ገበር ጥቁር ሰደርያ ሰፋችለት፣
እኔ ስቴካውን በሰማያዊ የውሃ ቧንቧ ከተትሁለት፤
ሐረጎ ላይ ፖሊስ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢለው፣
«ሥራዬ ነው» አለው።
ሚኒባሱ ሙሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም።

ኮምቦልቻ፣ ሙቀት። መብራት፣ ዐሥራ አምስት ቀይ ኳስ፣ ባለ ጓንት ዳኛ፣
ጠረጴዛው፣ ወላሂ፣ ነፋስ ያልነካው ኩሬ።
ሷሊህ አጎነበሰ። ሲያጎነብስ ያምራል።
አለመ፦ ከቀዳዳው በላይ፣ አንድ ጣት።
ኳሷም በላካት መንገድ ሄደች፣ ቀጥ ብላ፣ እንደ ታማኝ ልጅ፣
አንድ ጣት ሳተች።
ደግሞ አንድ ጣት። ደግሞ።
ናትናኤል የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ፣
ጠመኔውን ቀብቶ ሳይቸኩል ጠረገው፤
አራት ለዜሮ።
ደጋፊ ተብለን አራት ሰው ነበርን፤ ሁለቱ ሳያልቅ ወጡ።

በመልስ፣ ጉሙ ውስጥ፣ መስኮት ተደግፎ፦
«ጋሼ፣ የኮምቦልቻው ጠረጴዛ ጠማማ ነው እንዴ?»
ስንት ቤት ገነባሁ፣ ስንት ግንብ አቆምሁ፣
በዚች ጥያቄ ግን መሠረቴ ተናደ፤
እስከ ቧንቧ ውሃ ምላሴ አልተላወሰ።

ሌሊት ከአልጋዬ ሥር ውሃ ልኬን አወጣሁ፣
አቧራውን አበስሁ፣ ከስፌቱ አጠገብ አጋደምሁ።
አረፋዋ ወደ ጦሳ ሮጣ ጫፍ ላይ ተለጠፈች።
ልጁ አረፋዋን አየ። እኔን አየ። ደግሞ አረፋዋን።
«ታውቅ ነበር» አለ።
«ዐውቅ ነበር» አልሁ።
በሩን ሳይዘጋ ሄደ። ጉም ገባ።

በአራተኛው ቀን መጣ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዞ።
ሳንነጋገር አነሣን፣ ሳንነጋገር ለካን፣
አረፋዋ መሐል መጥታ እስክትቆም።
ከሰዓት ደንበኞች ሁለት ኳስ መትተው ጮኹ፦
«ምን ነካህ ሰውዬ? ጠረጴዛህ ተጣመመ!»
ሷሊህም በጎሚስታው በሙሄ ተሸነፈ፤
ሰው ሁሉ ሲበተን ነጯን መልሶ
እናቱ ከሰፋችው ክር አጠገብ አስቀመጣት፣
ጎንበስ አለ፣
መታ።
ሳተ።
ግማሽ ጣት።