ክብደት የሌላት ድሬ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ከዚራ፣ የውሃ ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ።
ማራገቢያው ሙቀቱን ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል እንጂ
አያበርድም።
አዲሱን ታሪፍ ልፈትሽ ነው፤
ለመፈተሽ ደግሞ ከተማ ያስፈልጋል።

ድሮ ከተማ ለመቅዳት ሌሊት አይበቃም ነበር፤
ዲስኩ እንደ ጭነት ግመል ሲያቃስት፣
ሳቢያን ሳይገለበጥ ይነጋል፤
ወይ ደግሞ «ቦታ የለም» ብሎ
መጋላ መሐል ይተኛል።

አሁን ባንድ ትእዛዝ፣ ትንፋሼን ሳልጨርስ፣
ሌላ ድሬ አለችኝ
ከነሰፈሯ፣ ከነቧንቧዋ፣ ከነውዝፍ ዕዳዋ።
ስትመዘን ባዶ።
ምንም አልተቀዳማ!
የዋናዋን ገጽ በዋናዋ ዓይን ታነባለች፣
የነካሁባትን ብቻ ለራሷ ትጽፋለች።
ደቻቱ በበጋ እንዲሁ ነው፦
ስሙ ወንዝ፣ ወርዱ ወንዝ፣ ድልድይም የተሠራለት፤
ውሃው ግን ሌላ ቦታ።

ስለዚህ አልፈራሁም።
የአዲስ ከተማን ሂሳብ በሦስት አባዛሁ፣
አንድ ቀበሌ ሙሉ ውሃ ቆረጥኩ፣
አንዲት አሮጊት ላይ ሰባ ሺህ ብር ጫንኩ።
(ይቅር በይኝ እማማ። ተኝተሻል፣ አልሰማሽም።)
ስህተቱ ሳንቲሟ ላይ ነበር፤ አገኘሁት።
ያቺን ድሬ ሰረዝኳት። ሁለተኛ ቀዳሁ፣ ደግሜ ፈተሽኩ፣ ደህና ነው።

ሥራዬ አልቋል።
ሦስተኛዋን ለምን እንደቀዳሁ እኔን አትጠይቁኝ።

የደንበኛ ስም፦ ሙሜ ዩያ። ገንደ ቆሬ።
ሁኔታ፦ ውል ተቋርጧል።
አባቴ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤
ሠላሳ ዓመት የሰው በር ሲያንኳኳ ውሎ
የራሱን ቆጣሪ ማታ በክብሪት ያነብ ነበር።
ፈርሜ ያስነቀልኩት እኔ ነኝ፣ በሞተ በወሩ።

«ተቋርጧል» የሚለውን አጠፋሁ።
«ጸንቷል» አልኩ።
የዛሬ ንባብ ላይ አንድ ሜትር ኩብ ጨመርኩ፤
ለውዱእ አያንሰውም።

ከዚያ የድሬን ክብደት ጠየቅኩ።
ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ግቢ፣ ዜሮ፤
ስምንት ኪሎባይት
እሱ ብቻ።
ከተማዋ ከአናት እስከ እግሯ ብድር፣
የራሷ ያላት አባቴን።

አሥራ አንድ ሲል የሙከራ ቅጂ ሁሉ ይጠረጋል፤
ሰዓቱን የሞላሁት እኔው ነኝ፣ አልነካውም።
በመጋላ በኩል የመጀመሪያው አዛን ተነሣ።
አሥር ደቂቃ አለው።
ይታጠብ።